የሁለት አገሮችን አላቂ የተፈጥሮ ሀብት በነፍስ ወከፍ እንዴት እናወዳድራለን? ሳዑዲ ዓረቢያና ናይጄሪያ እንደ ምሳሌ

«በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የሚበልጠው የሳዑዲ ነዳጅ ነው ወይስ የናይጄሪያ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየለዋወጠ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ጠያቂ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ የተጨነቀ ተማሪ ነው። ሌላው ዓመታት ጂዳ ሠርቶ የተመለሰና «እነዚህ ሰዎች በእውነት ምን ያህል አላቸው?» እያለ የሚገረም ነው። አገሮቹ ይለያያሉ፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው፦ ሁለት ቁጥር ፈልጎ ማካፈል። ማካፈሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ምን እንደሚካፈልና ለስንት ሰው እንደሚካፈል መወሰን ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ መልሱን የሚወልደውም ያ ግማሽ ቀን ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለማንኛውም ሁለት አገር ይሠራል። ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያና ናይጄሪያ ናቸው። ካልኩሌተር ይዘው እየተከተሉ እንዲያረጋግጡልኝ ቁጥሮቹን ክብ አድርጌአቸዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤክሴል ወይም ሌላ የሠንጠረዥ ፕሮግራም። ከሌለዎት አርቢ የሚያሰላ ካልኩሌተርና ደብተር ይበቃል።
- የተረጋገጠ ክምችት መጠን። ለነዳጅና ለጋዝ ኦፔክ (የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር) በየዓመቱ የሚያወጣው የስታትስቲክስ ጥራዝ፣ ለማዕድናት ደግሞ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዓመታዊ ማጠቃለያ ጥሩ መነሻ ናቸው።
- የአምስት ተከታታይ ዓመታት ምርት።
- የእነዚያው አምስት ዓመታት የዓለም ገበያ ዋጋ።
- አንድ በርሜል ወይም አንድ ቶን ለማውጣት የሚፈጀው ወጪ። በብዛት የሚቸግረው ይህ ነው።
- የሕዝብ ቁጥር፣ ከተቻለ ዜጎችና የውጭ ዜጎች ተለይተው።
- አንድ ባዶ ወረቀት። በግምት ያስገቡትን ቁጥር ሁሉ የሚጽፉት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ወረቀት ከሌለ ከሳምንት በኋላ የራስዎን ስሌት ራስዎ አያምኑትም።

ሳይጀምሩ፦ የዘመን አቆጣጠር ማስጠንቀቂያ

የውጭ መረጃ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የእኛን ዓመተ ምሕረት ከዚያ ጋር የቀላቀለ ሰው ስሌቱን ከመነሻው ያበላሻል። ለምሳሌ የእኛ 2015 ዓ.ም. የጀመረው በእነሱ መስከረም 2022 ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ መለኪያ የሆነው የብሬንት ድፍድፍ ነዳጅ አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2022 በበርሜል ወደ 101 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን 52 ዶላር አካባቢ ነበር። «2015» የሚለውን ቁጥር ከሌላው አቆጣጠር የወሰደ ሰው ሀብቱን በግማሽ ቆርጦ ይነሣል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቼ ሁሉ የእነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«በ2022 በሳዑዲ ዓረቢያና በናይጄሪያ ከመሬት በታች የቀረው ድፍድፍ ነዳጅ የዛሬ ዋጋው ለአንድ ነዋሪ ስንት ዶላር ነው?» እንደዚህ ይጻፉት። ዓመት አለው፣ የሀብት ዓይነት አለው፣ መለኪያ አለው፣ አካፋይ አለው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሀብትና ገቢ ስለሚምታቱ ነው። ሀብት ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ነው፤ ገቢ ዘንድሮ ከጎተራው ወጥቶ የተሸጠው ነው። «የተፈጥሮ ሀብት ገቢ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚለው የታወቀ መለኪያ የዓመት ገቢን ይናገራል እንጂ ስለ ጎተራው አይናገርም። ጎተራዋን በፍጥነት የምታራግፍ አገር በዚያ መለኪያ ከቆጣቢዋ በልጣ ትታያለች።

ደረጃ 2፦ የሚቆጠሩትን ሀብቶች ይለዩ

አላቂ የሚባሉት ከወጡ በኋላ በሰው ዕድሜ የማይተኩት ናቸው፦ ድፍድፍ ነዳጅ፣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ የድንጋይ ከሰልና ማዕድናት። ደን፣ የእርሻ መሬት፣ ዓሣና የወንዝ ውኃ አይገቡም። ዓባይ ትልቅ ሀብት ነው፤ የዚህ ስሌት ሀብት ግን አይደለም።

ዋናው ደንብ ለሁለቱም አገሮች አንድ ዓይነት ዝርዝር መጠቀም ነው። ዝግጁ መረጃ የሚያወርዱ ከሆነ ዝርዝሩ ምን እንደያዘ መጀመሪያ ይመልከቱ። የዓለም ባንክ የአገሮች ሀብት ስሌት ለረጅም ዓመታት የያዘው አሥር ማዕድናት ብቻ ነበር፦ ቦክሳይት፣ መዳብ፣ ወርቅ፣ ብረት፣ እርሳስ፣ ኒኬል፣ ፎስፌት፣ ብር፣ ቲንና ዚንክ። አልማዝ አልነበረበትም። ስለዚህ ኑሮዋ በአልማዝ ላይ የቆመው ቦትስዋና በዚያ ዝርዝር ብትለካ ድሃ መስላ ትወጣለች። የእኛም የደናክል ፖታሽና የቀንጢቻ ታንታለም በዚያ ዝርዝር አይገኙም። በሠንጠረዥ ላይ ዜሮ ሲያዩ «የለም» ነው ወይስ «አልተቆጠረም» ብለው ይጠይቁ።

ለጀማሪ የምመክረው በአንድ ሀብት ጀምሮ ሌላውን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። እኛም በድፍድፍ ነዳጅ እንጀምር።

ደረጃ 3፦ የተረጋገጠውን ክምችት ይመዝግቡ

ሳዑዲ ዓረቢያ ወደ 267 ቢሊዮን በርሜል፣ ናይጄሪያ ወደ 37 ቢሊዮን በርሜል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። ከመሬት በታች አለ ተብሎ የሚገመተው ጠቅላላ መጠን አንድ ነው። ከዚያ ውስጥ በዛሬ ቴክኖሎጂ ሊወጣ የሚችለው ሌላ ነው። በዛሬ ዋጋ ቢወጣ የሚያዋጣውና በጥናት የተረጋገጠው ደግሞ ሦስተኛው ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሦስተኛውን ነው። የጋዜጣ ርእስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ «በዚህ አካባቢ ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን ተገኘ» የሚል ዜና ወደ ሠንጠረዥዎ በቀጥታ አይግባ።

የተረጋገጠ የተባለውም ቢሆን አገሮቹ ራሳቸው የሚያሳውቁት ቁጥር ነው። በኦይል ኩባንያው ቢፒ ስታትስቲክስ መሠረት የሳዑዲ ክምችት በ1987 ወደ 170 ቢሊዮን በርሜል ነበር፤ በ1988 ወደ 255 ቢሊዮን ተነሣ። በአንድ ዓመት! ሌሎች የኦፔክ አባላትም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ዝላይ አሳይተዋል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ማን እንዳወጣውና ለየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጻፉ፤ ለሁለቱም አገሮች ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ። አንዱን ከኦፔክ፣ ሌላውን ከዜና መውሰድ ሁለት ሰዎችን በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች መመዘን ነው።

ማዕድን ከሆነ የድንጋዩን ክብደትና በውስጡ ያለውን ብረት አይቀላቅሉ። አንድ ሚሊዮን ቶን የመዳብ አፈር አንድ ሚሊዮን ቶን መዳብ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ክምችቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያስሉ

ክምችቱን ለዓመት ምርት ያካፍሉ። ምርቱ ከአንድ ዓመት ብቻ አይወሰድ፤ የ2020 ወረርሽኝ ወይም የኦፔክ ኮታ ያዛባዋል። የአምስት ዓመት አማካይ ይያዙ። ከ2018 እስከ 2022 ባለው ጊዜ በክብ ቁጥር ሳዑዲ በቀን 10 ሚሊዮን በርሜል፣ ናይጄሪያ 1.5 ሚሊዮን በርሜል አምርተዋል ብለን እንያዝ።

- ሳዑዲ፦ 10 ሚሊዮን × 365 = 3.65 ቢሊዮን በርሜል በዓመት። 267 ÷ 3.65 = 73 ዓመት።
- ናይጄሪያ፦ 1.5 ሚሊዮን × 365 = 0.55 ቢሊዮን በርሜል በዓመት። 37 ÷ 0.55 = 67 ዓመት።

ዕድሜው የሚያስፈልገን ለደረጃ 6 ነው፤ ነገ የሚሸጥ በርሜልና ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚሸጥ በርሜል አንድ ዋጋ የላቸውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ማካፈል አንዳንድ ጊዜ ያብዳል። ቬንዙዌላ ከ300 ቢሊዮን በርሜል በላይ የተረጋገጠ ክምችት አለኝ ትላለች፤ በ2022 ያመረተችው ግን በቀን 0.7 ሚሊዮን በርሜል አካባቢ ነው። ሲካፈል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲያጋጥም ዕድሜውን በ100 ዓመት ይገድቡና በግምት ወረቀትዎ ላይ ይጻፉት።

ደረጃ 5፦ ከአንድ በርሜል የሚተርፈውን ያስሉ

የሽያጭ ዋጋው በሙሉ ሀብት አይደለም። ለቁፋሮ፣ ለቧንቧ፣ ለደመወዝና ለመሣሪያ የሚወጣው፣ ገንዘቡን ያፈሰሰው ወገን የሚጠብቀው ተገቢ ትርፍም ጭምር፣ መቀነስ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን የምጣኔ ሀብት ሰዎች «ኪራይ» ይሉታል፤ ማንም ሳይደክምበት ተፈጥሮ የሰጠችው ድርሻ ማለት ነው። አዎ፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለው ስድብ ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። እዚህ ግን ማንንም አንሳደብበትም፤ ዋጋ ሲቀነስ ወጪ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንያዝ። የብሬንት ዓመታዊ አማካይ በ2018 71 ዶላር፣ በ2019 64፣ በ2020 42፣ በ2021 71፣ በ2022 101 ዶላር አካባቢ ነበር። አማካያቸው 70 ዶላር ነው። የናይጄሪያ ነዳጅ ቀላልና ድኝ የሌለበት ለማለት የሚያስደፍር ስለሆነ ከብዙው የሳዑዲ ነዳጅ ትንሽ ውድ ይሸጣል፤ ለጊዜው ግን ለሁለቱም 70 እንጠቀም።

ወጪው ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። የሳዑዲ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ በ2019 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ባወጣው ሰነድ፣ በ2018 አንድ በርሜል ለማውጣት በአማካይ 2.8 ዶላር፣ ለመዋዕለ ንዋይ ደግሞ 4.7 ዶላር እንደፈጀበት ገልጿል። ድምሩ 7.5 ነው። ተገቢውን ትርፍ ጨምሬ 10 ዶላር አድርጌዋለሁ። ለናይጄሪያ የያዝኩት 30 ዶላር ነው፤ ይህ ለልምምድ ያስገባሁት ግምት ስለሆነ እንደ መረጃ አይጥቀሱት። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፦ ከሳዑዲ ግዙፍ የነዳጅ ሜዳዎች ትልቁ በየብስ ላይ ነው፣ ናይጄሪያ በጥልቅ ባሕር ትቆፍራለች፣ በኒጀር ዴልታ ደግሞ ቧንቧ ይሰበራል፣ ነዳጅ ይሰረቃል፣ ጥበቃውም ገንዘብ ይበላል።

- ሳዑዲ፦ 70 − 10 = 60 ዶላር በበርሜል። በዓመት 3.65 × 60 = 219 ቢሊዮን ዶላር።
- ናይጄሪያ፦ 70 − 30 = 40 ዶላር በበርሜል። በዓመት 0.55 × 40 = 22 ቢሊዮን ዶላር።

ደረጃ 6፦ የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሱ

ይህን ደረጃ ለመረዳት እቁብ የጣለ ሰው ማስተማሪያ አያስፈልገውም። ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለትና በመጨረሻው ሳምንት የወጣለት ያገኙት ብር እኩል ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን ይመኛል። ነዳጅም እንዲሁ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ የሚወጣው በርሜል ዛሬ በሙሉ ዋጋው አይቆጠርም። በየዓመቱ የሚቀነሰው መቶኛ የቅናሽ ምጣኔ ይባላል፤ የዓለም ባንክ በሀብት ስሌቶቹ 4 በመቶ ይጠቀማል፤ እኛም እንከተለው።

የዓመቱን ኪራይ የምናባዛበት ቁጥር እንዲህ ይገኛል፦

- ሳዑዲ፦ (1 − 1 ÷ 1.04^73) ÷ 0.04 = 23.57
- ናይጄሪያ፦ (1 − 1 ÷ 1.04^67) ÷ 0.04 = 23.19

በቀመሩ ውስጥ 73 እና 67 አርቢዎች ናቸው፣ ከደረጃ 4 የመጡ ዓመታት። ከዚያ፦

- ሳዑዲ፦ 219 × 23.57 = ወደ 5,162 ቢሊዮን ዶላር
- ናይጄሪያ፦ 22 × 23.19 = ወደ 510 ቢሊዮን ዶላር

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ምን እንደሚያገኝ ይመልከቱ። 267 ቢሊዮንን በቀጥታ በ60 ቢያባዛ ከ16,000 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወጣለታል፤ የትክክለኛው ሦስት እጥፍ። በየቦታው የሚያዩአቸው አስደንጋጭ ቁጥሮች አብዛኞቹ እዚህ የተወለዱ ናቸው።

ቀመሩ ምርቱም ኪራዩም በየዓመቱ እኩል ሆነው እስከ መጨረሻው እንደሚቀጥሉ አድርጎ ነው የሚያስበው። እውነተኛ የነዳጅ ሜዳ እንዲህ አይደለም፤ ይወጣል፣ ይረጋል፣ ይወርዳል። ለማወዳደር ግን ሁለቱን አገሮች በአንድ ዓይነት ማቃለያ ማስኬድ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ለሕዝብ ያካፍሉ

ሰዎች ቀላሉ ደረጃ የሚሉት ይህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠራጠረው ይህን ነው።

በሳዑዲ እንጀምር። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ የአገሪቱ ነዋሪ 32.2 ሚሊዮን ነበር። ከዚህ ውስጥ ሳዑዲዎቹ 18.8 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጎች ናቸው። ስለዚህ ሁለት መልስ አለ፦

- ለነዋሪ ሁሉ፦ 5,162 ቢሊዮን ÷ 32.2 ሚሊዮን = ወደ 160,300 ዶላር
- ለዜጎች ብቻ፦ 5,162 ቢሊዮን ÷ 18.8 ሚሊዮን = ወደ 274,600 ዶላር

በመጀመሪያው ስሌት፣ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራው እኅታችንም 160,300 ዶላር የከርሰ ምድር ሀብት ተጽፎላታል። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ኮንትራቷ ሲያልቅም ይዛው አትመጣም። ይህ የስሌት ስሕተት አይደለም፤ የነፍስ ወከፍ መለኪያ ባሕርይ ነው። ዓለም አቀፍ ሠንጠረዦች የሚጠቀሙት ነዋሪን ነው፤ ለምርትና ለገቢ ሲሆን ምክንያት አለው፣ የውጭ ሠራተኛውም ያመርታልና። ለከርሰ ምድር ሀብት ግን ባለቤትነት ይጠየቃል። የእኔ ምክር፦ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በውድድሩ ውስጥ ካሉ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ኩዌትን የሚያስገቡ ከሆነማ ግድ ነው፤ እዚያ የውጭ ዜጋው ከሕዝቡ ከግማሽ በእጅጉ ይበልጣል።

ወደ ናይጄሪያ ስንመጣ ችግሩ ሌላ ነው። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ2006 ነው፤ ያኔ 140 ሚሊዮን ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። (አንስቅ፤ የእኛም የመጨረሻ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ነው።) ለ2022 በክብ ቁጥር 220 ሚሊዮን እንያዝ፦

- 510 ቢሊዮን ÷ 220 ሚሊዮን = ወደ 2,320 ዶላር

እውነተኛው የሕዝብ ቁጥር ከዚህ በ20 ሚሊዮን ቢያንስ 2,550 ይሆናል፤ በ20 ሚሊዮን ቢበልጥ 2,130። ሰፋፊ ግምቶች ባሉበት ስሌት ውስጥ «2,319.14 ዶላር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካዩ በትሕትና ይለፉት።

የሕዝብ ቁጥሩና የክምችቱ ዓመት አንድ መሆን አለበት። የናይጄሪያን የ2022 ክምችት ለ2006 ቆጠራ ካካፈሉ ናይጄሪያውያንን ያለ ምንም ድካም ከግማሽ በላይ አበልጽገዋቸዋል።

ደረጃ 8፦ ስሌቱን ያናውጡት

በዚህ ጊዜ አንድ መልስ ይዘዋል፦ የሳዑዲ ነዋሪ ድርሻ የናይጄሪያዊው 69 እጥፍ ነው። አሁን ከግምት ወረቀትዎ ላይ አንድ በአንድ እያነሡ ይለውጡ። ግቡ የትኛው ግምት መልሱን እንደሚያንቀሳቅስ ማወቅ ነው።

በቅናሽ ምጣኔው ይጀምሩ። በ2 በመቶ ሳዑዲ ወደ 260,000፣ ናይጄሪያ ወደ 3,670 ዶላር ይሆናሉ፤ በ8 በመቶ ሳዑዲ ወደ 84,700፣ ናይጄሪያ ወደ 1,240 ይወርዳሉ። የገንዘቡ መጠን በሦስት እጥፍ ይወዛወዛል፤ ልዩነቱ ግን ከ68 እስከ 71 እጥፍ መካከል ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሁለቱ ክምችት ዕድሜ ተቀራራቢ ስለሆነ ቅናሹ ሁለቱንም እኩል ይቀጣል። አንዱ 15 ዓመት፣ ሌላው 80 ዓመት የሚቆይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

አሁን ዋጋውን ይለውጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነቃል። በርሜሉ 45 ዶላር ቢሆን ሳዑዲ 35፣ ናይጄሪያ 15 ዶላር ይተርፋቸዋል፤ የነፍስ ወከፉ 93,500 እና 870 ይሆናል፤ ልዩነቱ 107 እጥፍ። በርሜሉ 100 ዶላር ቢሆን 240,500 እና 4,060፤ ልዩነቱ 59 እጥፍ። ከመሬት በታች አንድ ጠብታ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ዋጋ ሲወድቅ ማውጫው ውድ የሆነበት አገር ትርፍ ቀድሞ ይመናመናል፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ እሱ በፍጥነት ያንሰራራል። ለዚህ ነው በወጪ ላይ ያለ ግምት ተራ ዝርዝር ያልሆነው።

በመጨረሻ አካፋዩን ይለውጡ። ለሳዑዲ ዜጎችን ብቻ ቢይዙ 69 የነበረው 118 እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ምሳሌ እንግዲህ መልሱን ያንቀሳቀሱት ዋጋው፣ ወጪውና «ሕዝብ ማለት ማን ነው?» የሚለው ናቸው። ተማሪዎች ግን ገጽ ሙሉ የሚከራከሩት በቅናሽ ምጣኔው ላይ ነው።

ደረጃ 9፦ ሌሎቹን ሀብቶች ይጨምሩ

እያንዳንዱን ሀብት ከደረጃ 3 እስከ 6 ለብቻው አስልተው የዶላሩን ውጤት ይደምሩ። በርሜልንና ቶንን አይደምሩ።

ለናይጄሪያ ጋዙ ወሳኝ ነው፤ ከ5 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ የተረጋገጠ ክምችት አላት። በኃይል መጠን 170 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ጋዝ ከአንድ በርሜል ነዳጅ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ወደ 30 ቢሊዮን በርሜል ይሆናል፤ ከነዳጇ ብዙም አያንስም። ነገር ግን የኃይል እኩልነት የገንዘብ እኩልነት አይደለም። ጋዝ በባሕር ለመላክ መቀዝቀዝና ወደ ፈሳሽ መለወጥ አለበት፤ ናይጄሪያ ከቦኒ ደሴት ፈሳሽ ጋዝ መላክ የጀመረችው በ1999 ነው። ከነዳጅ ጋር የሚወጣውም በከፊል በሜዳው ላይ ይቃጠላል። ስለዚህ ለጋዝ የራሱን ዋጋና የራሱን ወጪ ይፈልጉ፤ በርሜሉን በ40 ዶላር አባዝተው አይለፉ።

ውጤቱን ሲጽፉ

ነጠላ ቁጥር አይስጡ። እንዲህ ይጻፉ፦ «በ2022 ክምችት፣ በ70 ዶላር ዋጋ፣ በ4 በመቶ ቅናሽ፣ የሳዑዲ ድፍድፍ ነዳጅ ለአንድ ነዋሪ ወደ 160,000 ዶላር፣ የናይጄሪያ ወደ 2,300 ዶላር ይደርሳል፤ ዋጋው ከ45 እስከ 100 ዶላር ቢለዋወጥ ልዩነቱ ከ107 እስከ 59 እጥፍ ይሆናል።» ከዚያ የግምት ወረቀቱን ያያይዙ።

ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስሕተቶች

*በርሜልን ብቻ ማካፈል።* ሳዑዲ ለአንድ ሰው ወደ 8,300 በርሜል፣ ናይጄሪያ 168 በርሜል፤ ልዩነቱ 49 እጥፍ። ለፈጣን እይታ ጥሩ ነው፣ የማውጫ ወጪን ግን አያይም። የ49 እና የ69 ልዩነት እዚያ ነው ያለው።

*በመግዛት አቅም የተስተካከለ ዶላር መጠቀም።* ነዳጅ የሚሸጠው በዓለም ገበያ ስለሆነ ሌጎስ ውስጥ ዳቦ ርካሽ መሆኑ የበርሜሉን ዋጋ አይለውጠውም። የገበያ ዶላር ይጠቀሙ፤ የረጅም ዓመታት ንጽጽር ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ዓመት ዶላር ያምጡ።

*ያለፈውን ገንዘብ መደመር።* ኖርዌይን የሚያስሉ ሰዎች ትልቁን የነዳጅ ፈንዷን ከክምችቷ ጋር ይደምሩታል። ያ ገንዘብ ከመሬት ወጥቶ፣ ተሸጦ፣ ወደ አክሲዮንና ቦንድ የተለወጠ ነው። የፋይናንስ ሀብት በሚል ሌላ ዓምድ ይግባ።

*የጋራ ክምችትን ሁለቴ መቁጠር።* ሳዑዲና ኩዌት የሚካፈሉት የድንበር ቀጠና አለ። ሁለቱን አገሮች እርስ በርስ የሚያወዳድሩ ከሆነ ምንጭዎ የዚያን ድርሻ እንዴት እንዳካፈለው ይመልከቱ።

*ያልተመዘገበ ምርትን መርሳት።* ይህ በተለይ በወርቅ ይከሰታል። በባህላዊ አውጪዎች እጅ የሚወጣና በድንበር የሚሾልክ ወርቅ በመንግሥት ሪፖርት ላይ አይታይም። ምርቱ ሲያንስ በደረጃ 4 የክምችቱ ዕድሜ ሳይገባው ይረዝማል።

*ወደ ብር መቀየር።* ከፈለጉ በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ያድርጉት፣ የምንዛሪውንም ቀን ይጻፉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በብር የተሠራ ሠንጠረዥ ያለው ሰው ቁጥሮቹን በአዲሱ ምንዛሪ ቢያድሳቸው፣ ሳዑዲም ናይጄሪያም በአንድ ወር ውስጥ ሀብታቸውን ወደ እጥፍ ያደረሱ ይመስለዋል።